ቀመር የሌለው ሁሉ ተረት ነው? «ኳንተም በተረት» ለተሰኘው ጽሑፍ ምላሽ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ፊዚክስ ያስተማሩ አንድ መምህር «ኳንተም በተረት» በሚል ርእስ የጻፉት ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከርሞ እኔም ዘንድ ደርሷል። አማርኛው ይጥማል፤ ቁጣውም የተቆርቋሪ ሰው ቁጣ ነው። ክርክራቸው ሲጠቀለል እንዲህ ይላል። ወጣቱ ስለ ኳንተም ፊዚክስ፣ ማለትም የአቶምንና የብርሃንን ጠባይ ስለሚያጠናው ትምህርት፣ ለማንኛውም አንባቢ ተብለው የተጻፉትን መጻሕፍት እያነበበ ያወቀ ይመስለዋል፤ ሒሳቡ ስለሌለበት ግን በእጁ ያለው ተረት ነው። ሊቃውንቱ ራሳቸው «አልገባንም» ያሉትን ነገር ከማንበብ እንጀራ የሚሆነውን ማንበብ ይሻላል። ተረቱ ለአጭበርባሪም በር ከፍቷል። ስለዚህ የከተማው ቤተ መጻሕፍት እነዚህን መጻሕፍት ማሰባሰቡን ትቶ የመማሪያ መጻሕፍት ብቻ ያስገባ።

እኔ መምህር አይደለሁም። በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ሶላር እየገጠምሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። መጻሕፍቱን የማነበው ማታ ማታ፣ አብዛኛውን በስልክ ነው፤ ኢንተርኔት ጠፍቶ በከረመበት ጊዜም ፒዲኤፉ ከስልክ ስልክ እየተሻገረ አልተለየንም። መምህሩ ልክ ናቸው የምልበት ቦታ አለ፤ ሲደርስ እናገራለሁ። ፍርዳቸው ግን ጥሩውንም መጥፎውንም በአንድ ላይ ጠራርጎ የሚጥል ነው። እኔ አንድን መጽሐፍ የምመዝነው ቀመር አለው ወይስ የለውም ብዬ አይደለም፤ ምን ተለካ፣ እንዴት ተለካ፣ ምን ተገኘ የሚለውን ይነግረኛል ወይ ብዬ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ሒሳብ የሌለበት ኳንተም ተረት ነው»

መምህሩ እዚህ ላይ ምሳሌ ያመጡት ከቅኔ ቤት ነው። ዋሸራ ወርዶ ቅኔ ሳይቆጥር፣ ሰምና ወርቁን ሰው ፈትቶለት የተመለሰ ሰው ባለቅኔ ይባላል ወይ? ብለው ይጠይቃሉ። አይባልም። ግን ከእኛ ከአንባቢዎቹ መካከል ፊዚሲስት ነኝ ያለ ማነው? ደግሞስ የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃና መቁጠር የሚጀምረው በባዶ ጆሮው ነው እንዴ? የኔታ የዘረፉትን ሰምቶ፣ ምስጢሩ ሲፈታ አዳምጦ፣ ተደንቆ ነው ወደ ቆጠራው የሚገባው። ምሳሌው ለእኔ ያደላል።

ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። መምህሩ ቀመር አለመኖርንና ሒሳብ አለመኖርን አንድ አድርገው ነው የሄዱት። ፊዚሲስቱ ሪቻርድ ፋይንማን ስለ ብርሃንና ቁስ ለተራ አንባቢ በ1985 ያሳተመውን ትንሽ መጽሐፍ አንድ ቀን ቢያገላብጡት ልዩነቱ ይታያቸው ነበር። መጽሐፉ የሚነሳው ከመስኮት መስታወት ነው። ቀጥ ብሎ መስታወት ላይ ካረፈ ብርሃን ከ100 ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) 4 ያህሉ ከፊተኛው ገጽ ይመለሳሉ፤ የቀሩት ያልፋሉ። መስታወቱ የኋላ ገጽም ስላለው ከዚያም ሌላ 4 ያህል ይመለሳሉ፣ በድምሩ 8 ይሆናሉ ብሎ ማንም ይገምታል። በአንድ ቀለም ብርሃን ሲለካ ግን 8 ላይ አይረጋም። መስታወቱ በጥቂት በጥቂቱ እየወፈረ ሲሄድ የሚመለሰው አንዴ ከ0 ጀምሮ እስከ 16 ይወጣል፣ እንደገና ወደ 0 ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ሁለተኛ ገጽ ጨምረን ምንም የማይመለስበት ውፍረት አለ ማለት ነው።

አሁን ወረቀትና እርሳስ ያንሱ። ብርሃኑ ሊመለስ ለሚችልበት ለእያንዳንዱ መንገድ አንድ ቀስት ይሣሉ። የፊተኛው ገጽ ቀስት ርዝመቱ 0.2፣ የኋለኛውም እንዲሁ 0.2 ያህል ነው። የቀስቱ አቅጣጫ ብርሃኑ በሚሄደው ርቀት መጠን ይዞራል። ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ ይቀጥሉና ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለውን ርዝመት በራሱ ያባዙት፤ የሚገኘው ፎቶኑ የመመለስ ዕድሉ ነው። አንድ ቀስት ብቻ ቢሆን 0.2 ሲባዛ በ0.2፣ 0.04፣ ማለትም ከመቶ 4። ሁለቱ ወደ አንድ ወገን ካመለከቱ 0.4 ሲባዛ በ0.4፣ 0.16፣ ከመቶ 16። ፊትና ኋላ ሆነው ከተፃረሩ ዜሮ። አለቀ። ዝናብ በመታው አስፋልት ላይ ከባጃጅ የተንጠባጠበ ዘይት ቀይና አረንጓዴ የሚያወጣው በዚሁ ስሌት ነው፤ ውፍረቱ በየቦታው ስለሚለያይ አንዱ ዘንድ የቀዩ ቀስቶች ይደጋገፋሉ፣ አጠገቡ ደግሞ የአረንጓዴው።

ይህን ያደረገ አንባቢ አንድም ቀመር አላየም። ሒሳብ ግን ሠርቷል፤ ያውም የኳንተም ሒሳብ። መጽሐፉ ቀስት የሚለው በዩኒቨርሲቲ መማሪያ ላይ ኮምፕሌክስ ቁጥር የሚባለው ራሱ ነው። በአንጻሩ ቀመሩን ሸምድዶ፣ ቁጥር አስገብቶ፣ መልሱን አክብቦ፣ የለካው ነገር ምን እንደሆነ ሳያውቅ ስንት ተማሪ እንደሚያልፍ መምህሩ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ።

ለተራ አንባቢ የተጻፈ መጽሐፍ ሰው አያፈራም ለሚለው ደግሞ ማይክል ፋራዴይ ይበቃል። መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ተቀጥሮ ሲሠራ ጄን ማርሴት በ1806 ኬሚስትሪን በጭውውት መልክ ያስረዳችበትን መጽሐፍ አነበበ፤ ውለታዋንም ዕድሜውን ሙሉ አልረሳም። ከፍተኛ ሒሳብ ሳይማር ኖሮ ሳይማር ሞተ። የጢስ ዓባይን ውኃ መብራት የሚያደርገው ጄኔሬተር ግን እሱ በ1831 ባገኘው ሕግ ነው የሚሠራው። ለሐሳቡ ሒሳቡን የሠራለት ፊዚሲስቱ ማክስዌል የመጣው በኋላ ነው።

«ኖቤል የተሸለመው ሰው እንኳ አልገባኝም ብሏል»

መምህሩ የጠቀሱት ይኸንኑ ፋይንማንን ነው። ኳንተም ሜካኒክስን የተረዳ ሰው የለም ብሏል፤ እውነት ነው። ግን የት ነው ያለው? በ1964 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ንግግር ላይ! ያን ካለ በኋላም «እንግዲያው ወደየቤታችሁ ሂዱ» አላለም፤ ኤሌክትሮን በሁለት ቀዳዳ ሲያልፍ የሚሆነውን አንድ በአንድ አስረዳ። መምህሩ ለክልከላ የጠቀሱት ንግግር እሳቸው ከሚከለክሉት ዓይነት ሥራ የተወሰደ ነው። ይህን ሳያስተውሉት ቀርተው አይመስለኝም።

«አልገባኝም» ያለውም ማስላት አቃተኝ ማለቱ አይደለም። በማግስቱ ዓመት፣ በ1965፣ ኖቤል የተሸለመበት ንድፈ ሐሳብ የኤሌክትሮንን ማግኔትነት ከ10 አሃዝ በላይ ትክክል አድርጎ ይተነብያል። ያቃተው በእጅ የምንነካውን በሚመስል ሥዕል ማስቀመጥ ነው። አንባቢ ይህን አውቆ ከገባ ደግሞ አይጎዳም።

«እንጀራ አይሆንም»

ይኼ በቀጥታ እኔ ላይ የተወረወረ መሰለኝ፤ እንጀራዬ ከዚያው ነውና።

ወደ ዓባይ በረሃ ወረድ ብዬ ሶላር ስገጥም ባለቤቶቹ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሉኛል፦ «እዚህማ ፀሐዩ እሳት ነው፣ ከደጋ ይልቅ ብዙ መብራት ይሰጣል»። አይሰጥም። ፓነሉ የሚፈልገው ብርሃን ነው፤ ሙቀት ይጎዳዋል። ሲሊከን ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን ተነስቶ እንዲፈስ ቢያንስ 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ጉልበት ከአንድ ፎቶን በአንድ ጊዜ ማግኘት አለበት። ከዚያ ያነሰ ጉልበት ያላቸው ፎቶኖች ቢግተለተሉ፣ ቢሊዮን ቢሆኑ፣ ተደማምረው አያስነሱትም። የተረፈው ጉልበት ፓነሉን ማሞቅ ነው ሥራው፤ የተለመደው የሲሊከን ፓነል ደግሞ በእያንዳንዱ ዲግሪ ጭማሪ 0.4 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል። ስለዚህ ከ2,400 ሜትር በላይ ያለችው ደብረ ማርቆስ፣ ብርዷን ይዛ፣ ለፓነል የተመቸች ከተማ ናት። ቆላ ላይ ስገጥም በፓነሉና በቆርቆሮው መካከል ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት መተው እንዳለብኝ ማኑዋሉም ይናገራል። ለምን እንደሆነ የነገረኝ ግን መምህሩ «ተረት» ያሉት መጽሐፍ ነው። ለምኑን ያወቀ ሰው ማኑዋሉ ያላሰበው ጣሪያ ሲገጥመውም አይደናገርም።

የኳንተም ፊዚክስ መነሻውስ ቢሆን ምን ነበር? ማረሻ ለማሠራት ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ የሄደ ሰው ነገሩን አይቶታል። ወናፉ ሲነፋ ብረቱ መጀመሪያ ጥቁር ነው፣ ቀጥሎ ደብዛዛ ቀይ፣ ቀጥሎ ደማቅ ቀይ፣ ከዚያ ብርቱካንማ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ቀጥቃጩ ቴርሞሜትር የለውም፤ በጉጠት አውጥቶ መስፉ ላይ የሚያሳርፍበትን ሰዓት የሚያውቀው በቀለሙ ነው። የሚገርመው፣ ብረቱና አጠገቡ ያለው ከሰል እኩል ከጋሉ ቀለማቸው ይመሳሰላል። ዕቃው ምንም ይሁን ምን ቀለሙን የሚወስነው በዋናነት የሙቀቱ መጠን ነው። ለምን?

በርሊን ያለው የመንግሥት የልኬት ተቋም ይህን ጥያቄ በ1890ዎቹ በብርቱ የያዘው ለፍልስፍና አልነበረም። የጋዝና የኤሌክትሪክ አምፖል ገበያውን እየተሻሙ ስለነበር ብርሃንን በትክክል የሚለካ መስፈርት ያስፈልግ ነበር። ፊዚሲስቱ ሃይንሪሽ ሩበንስ ከጋለ ዕቃ የሚወጣውን፣ ዓይን የማያየውን ረጅም ሞገድ ለካና የነበረው ቀመር እዚያ ላይ እንደማይሠራ አገኘ። እሑድ፣ ጥቅምት 7 ቀን 1900፣ ፊዚሲስቱ ማክስ ፕላንክ ቤት ለጥየቃ ሄዶ ነገረው። ፕላንክ በዚያው ምሽት ከልኬቱ ጋር የሚገጥም ቀመር አወጣ። ቀመሩ ለምን ልክ እንደሆነ ለማስረዳት ግን ሁለት ወር ያህል ተጨነቀ፤ በመጨረሻም ታኅሣሥ 14 ጉልበት በተቆራረጠ መጠን ይሰፈራል ብሎ አቀረበ። ከዓመታት በኋላ ያን እርምጃውን የተስፋ መቁረጥ እርምጃ ብሎታል። የአምፖል ጉዳይ ነበር እንግዲህ፤ እንጀራ።

እግረ መንገዴን ለመምህሩ አንድ ነጥብ ልስጣቸው። ብዙዎቹ መጻሕፍት ይህን ታሪክ ያዛባሉ። ፕላንክ «የአልትራቫዮሌት ጥፋት» የተባለውን ችግር፣ ማለትም የድሮው ንድፈ ሐሳብ በአጭር ሞገድ በኩል ወሰን የሌለው ጉልበት ይወጣል ማለቱን፣ ለመፍታት እንደተነሳ ይጽፋሉ፤ ስሙ ራሱ የወጣው በ1911 በፊዚሲስቱ ኤረንፌስት ነው። ፕላንክን የቀሰቀሰው በሌላው ጫፍ፣ ከቀይ በታች ያለው የሩበንስ ልኬት ነው። የተባለውን እየቀዱ የሚጽፉ ደራስያን አሉ። ለዚህም ነው መጽሐፍ ስገዛ ልኬቱን ይነግረኛል ወይ ብዬ የማጣራው።

«ለአጭበርባሪ በር ከፍቷል»

እዚህ ላይ ግማሹን መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። አዳራሽ ተከራይቶ፣ «ኳንተም» የሚል ሰሌዳ ሰቅሎ፣ ሐሳብህ ገንዘብ ይስባል፣ በሽታህን በምኞት ትፈውሳለህ እያለ የሚያስከፍል አሠልጣኝ እየበዛ ነው። የታመመ ሰው ሐኪም ቤት ሳይሄድ ቀርቶ እንዲህ ዓይነት ቦታ ብሩን ሲያፈስ ማየት ያናድዳል። ሁሉም የተንጠለጠሉት አንድ ነገር ላይ ነው፤ «ኤሌክትሮን ሰው ሲያየው ጠባዩን ይቀይራል» የሚለው ላይ። ከዚያ ተነስተው የሰው ልቦና ዓለምን ይፈጥራል ይላሉ። ይህን ሐረግ ያለ ማብራሪያ የሚረጩ መጻሕፍት መኖራቸውንም አልክድም።

ታዲያ ሙከራውን የሚነግር መጽሐፍ ያነበበ ሰው በዚህ ይታለላል? በ1989 ጃፓን ውስጥ አኪራ ቶኖሙራና ባልደረቦቹ ኤሌክትሮኖችን ሁለት መንገድ ባለው መሣሪያ ውስጥ አንድ በአንድ ለቀቁ። እያንዳንዱ ሰሌዳው ላይ አንድ ነጥብ ይተዋል። መጀመሪያ ነጥቦቹ ሥርዓት የሌላቸው ይመስላሉ፤ በሺዎች ሲቆጠሩ ግን ደማቅና ጨለማ መስመሮች ተሰልፈው ይወጣሉ። በየትኛው መንገድ እንዳለፈ የሚመዘገብ ከሆነ መስመሮቹ ይጠፋሉ። አሠልጣኙ «ያየው ሰው ነው ያጠፋው» የሚለው እዚህ ጋ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ግን አይነግራችሁም። ቪየና ውስጥ የአንቶን ሳይሊንገር ቡድን በ1999 ያንኑ መስመር 60 የካርቦን አቶሞች ኳስ ሆነው በተሠሩ ሞለኪውሎች አሳየ። በ2004 ደግሞ 70 አቶም ያላቸውን ወስደው፣ ወደ መሣሪያው ከመግባታቸው በፊት በሌዘር አጋሏቸው። ጥቂት ሲግሉ መስመሮቹ አሉ። እየጨመሩ ሲያግሏቸው መስመሮቹ እየደበዘዙ ሄደው ጠፉ። ምክንያቱ ቀጥቃጩ ዘንድ ያየነው ነው፦ የጋለ ነገር ብርሃን ይረጫል። ከሞለኪውሉ የወጣው ብርሃን ሞለኪውሉ የት እንደነበረ ይዞ ይሄዳል። ያን ብርሃን የያዘው የለም፣ ያየው የለም፤ በባዶው ክፍል ግድግዳ ላይ ቀረ። መስመሮቹ ግን ጠፍተዋል። «ተመልካች» የተባለው ልቦና የለውም፣ ምኞት የለውም፣ ብር አይስብም፤ ከትኩስ ኳስ ያመለጠ ጨረር ነው።

ይህን ያነበበ ልጅ አዳራሹ ውስጥ እጁን አውጥቶ ምን ተለካ? ብሎ ይጠይቃል። ምንም ያላነበበው ከፍሎ ይወጣል። መምህሩ ሁለተኛውን ልጅ እንዲበዛ አይፈልጉም፤ የሚያቀርቡት መፍትሔ ግን እሱን ያበዛል።

«የሞተችም ያልሞተችም ድመት»

በዚህ ላይ ብዙ አልልም። ፊዚሲስቱ ሽሮዲንገር በ1935 ሳጥን ውስጥ ተዘግታ፣ ሳጥኑ እስኪከፈት ድረስ ሞታም ሳትሞትም ነች የምትባለውን ድመት ያመጣት እንዲህ ናት ብሎ ሊያስተምር ሳይሆን፣ ንድፈ ሐሳቡን ያለ ወሰን ብንገፋው ወዴት እንደሚወስደን ለማሳየት፣ ግማሹን ለማላገጥ ነው። ድመቷን እንደ ግኝት የሚያቀርብ መጽሐፍ ካለ መምህሩ ይጣሉት፤ አልከራከርም። ጥያቄው ግን አልሞተም። የ2025 የፊዚክስ ኖቤል ለክላርክ፣ ለዴቮሬና ለማርቲኒስ የተሰጠው የኳንተም ሕግ በእጅ በሚያዝ መጠን ባለው የኤሌክትሪክ ዑደት ላይም እንደሚታይ በ1980ዎቹ አጋማሽ በሙከራ ስላሳዩ ነው። የት ድረስ ይሄዳል? የሚለውን የሚከታተል ሰው ተረት እያሳደደ አይደለም።

«ቤተ መጻሕፍቱ የመማሪያ መጻሕፍት ብቻ ያስገባ»

መማሪያ መጽሐፍ ይብዛ፤ ማን ይጠላል። ግን ቤተ መጻሕፍት የሚገባው ፈተና ያለበት ተማሪ ብቻ አይደለም። ሱቅ ዘግቶ የሚመጣ አለ፣ ጡረታ የወጣ አለ፣ እንደ እኔ መሰላል ሲሸከም ውሎ የሚመጣ አለ። መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ብዙው ሰው አያነባቸውም የሚለው የመምህሩ ቅሬታ ግን ልክ ነው፤ እኔም መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ ነው የማነበው። መድኃኒቱ በአማርኛ መጻፍ ነው እንጂ ያሉትንም ከመደርደሪያ ማውረድ አይመስለኝም። ሊያስወግዷቸው ከዘረዘሯቸው ዓይነቶች መካከል ኳንተምን ከፈውስና ከሀብት ጋር የሚያያይዙት ይውጡ፤ ፊርማዬን አኖራለሁ። ሙከራውን በተርታ የሚተርኩት ግን ይቆዩ።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንዎት፣ መምህር። እነዚያን ሁለት የ0.2 ቀስቶች ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎችዎ አንድ ክፍለ ጊዜ ሰጥተው ያሠሩልኝ። ቀመሩን ከመጻፍዎ በፊት ይሁን። ከዚያ ቀመሩን ይጻፉና የትኛው ክፍል የተሻለ እንደጠየቀ፣ ቀስት የሣለው ወይስ ያልሣለው፣ በሚቀጥለው ጽሑፍዎ ይንገሩን።